የኪራይ ቀን ደርሶ ገንዘቡ ካልሞላስ? ክርስቲያን ተከራይ ከአከራዩ ጋር እንዴት ይነጋገር?



ሐዋርያው ጳውሎስ ተከራይ እንደ ነበር አስባችሁ ታውቃላችሁ? የሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ የሚያበቃው ጳውሎስ በሮም ከተማ በተከራየው ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ወደ እርሱ የሚመጡትን ሁሉ እየተቀበለ ወንጌልን ሲሰብክ በማሳየት ነው (ሐዋ. 28፥30-31)። ወታደር የሚጠብቀው፣ እንደ ልቡ ወጥቶ መሥራት የማይችል እስረኛ ነበር። ኪራዩ ግን መከፈል ነበረበት። ብዙ የመጽሐፍ ቅዱስ መምህራን የፊልጵስዩስን መልእክት የጻፈው በዚሁ ጊዜ እንደ ሆነ ያምናሉ። በዚያ መልእክት ላይ የፊልጵስዩስ ምእመናን በአፍሮዲጡ እጅ የላኩለትን ስጦታ መቀበሉን እየገለጸ ያመሰግናቸዋል (ፊልጵ. 4፥18)።

ስለዚህ ተከራይቶ መኖር ነውር አይደለም። ገንዘብ ማጠርም ኃጢአት አይደለም። የወንድሞችን እርዳታ መቀበልም ለሐዋርያው እንኳ አላሳፈረውም። ክርስቲያንን የሚያሳፍረው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ገንዘቡ ባልሞላ ጊዜ የሚያደርገው ነገር ነው።

በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ብዙ ምእመናን የሚኖሩት በኪራይ ቤት ነው። አንዳንዶች በግቢ ውስጥ ባለ ሰርቪስ ክፍል፣ አንዳንዶች በኮንዶሚኒየም፣ አንዳንዶችም ከአከራያቸው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ይኖራሉ። ደመወዝ ሲዘገይ፣ ከሥራ መባረር ሲመጣ፣ ሰው ሲታመም፣ መስከረም ጠብቶ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያና የደብተር ወጪ ሲደራረብ፣ የኪራይ ቀን ይደርስና እጃችን ላይ ያለው ግማሹ ብቻ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ምን እናድርግ? የዚህ ጽሑፍ መልስ በአጭሩ ይህ ነው፦ ቀኑ ሳይደርስ እናንተው ቀድማችሁ ወደ አከራያችሁ ሂዱ። ስትሄዱም እውነቱን፣ የምትከፍሉትን የብር መጠንና የምትከፍሉበትን ቀን ይዛችሁ ሂዱ። እንዴት እንደሚደረግ ደግሞ ቀጥለን እንመልከት።

ዝምታ ለምን ይጎዳል?

"ዝም አይነቅዝም" ይባላል። በቤት ኪራይ ጉዳይ ግን ዝምታ በጣም ይነቅዛል። ብዙዎቻችን ገንዘብ ሲጎድልብን የምናደርገው መሸሽ ነው። አከራያችን ሳይነሱ በጠዋት እንወጣለን፤ እርሳቸው ከተኙ በኋላ እንገባለን። ስልክ ሲደወል አናነሳም። በር ሲንኳኳ ልጆቻችንን "አባዬ የለም በሉ" እንላቸዋለን። በዚያች ደቂቃ ለልጆቻችን ያስተማርናቸውን ነገር የሰንበት ትምህርት መምህራቸው በአንድ ዓመት ነቅላ አትጨርሰውም።

አከራያችሁ በዚህ ጊዜ ምን ያስባሉ? ችግራችሁን አያውቁም፤ የሚያዩት መሸሻችሁን ብቻ ነው። ስለዚህ "ገንዘብ ቸገራቸው" ሳይሆን "ሊያታልሉኝ ነው" ብለው ይደመድማሉ። የሦስት ሺህ ብር ጉድለት የነበረው ነገር የመተማመን ጉዳይ ይሆናል። ብር ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል፤ የጠፋን መተማመን መልሶ ማግኘት ግን ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

ደግሞም አከራዮቻችን ማን መሆናችንን ያውቃሉ። ግድግዳው ስስ ነው። ማታ ስንዘምርና ስንጸልይ ይሰማሉ። እሁድ ጠዋት መጽሐፍ ቅዱሳችንን ይዘን ስንወጣ ያያሉ። ብዙ አከራዮች ኦርቶዶክስ ወይም ሙስሊም ናቸው፤ ወንጌላዊ አማኝን በቅርብ ያወቁት ምናልባት በእኛ ብቻ ይሆናል። በወሩ መጨረሻ ስለ ኪራዩ የምንላቸው ቃል ከሰሙት መዝሙር ሁሉ ይልቅ ያስተምራቸዋል።

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ነገር ላይ ግልጽ ነው። በምሳሌ 6፥1-5 ለሌላ ሰው ዋስ ሆኖ በቃሉ የተያዘ ሰው ምን እንዲያደርግ እንደተመከረ አንብቡ። ለዓይኑ እንቅልፍ ሳይሰጥ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ፈጥኖ ወደ ባልንጀራው ሄዶ እንዲለምን ነው የተነገረው። ነገሩ ስለ ዋስ ቢሆንም መንገዱ ለእኛም ይሠራል። ምሳሌ 3፥27-28 ደግሞ በእጃችን እያለ ባልንጀራችንን ነገ ተመለስ እንዳንለው ይከለክለናል። ይህ ማለት ግማሹ ካለን ግማሹን ዛሬ እንሰጣለን፤ ሙሉው እስኪሞላ ብለን ይዘን አንቀመጥም።

ከመሄዳችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አስሉ

ጌታ ኢየሱስ ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ ተናግሯል (ሉቃ. 14፥28)። ከአከራይ ጋር የሚደረግ ንግግርም በወረቀትና በእስክሪብቶ መጀመር አለበት። ባልና ሚስት ከሆናችሁ አብራችሁ አስሉ። አንዱ ከሌላው የደበቀው ዕዳ ካለ የሚወጣበት ጊዜ አሁን ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። የወሩ ኪራይ 7,000 ብር ነው እንበል። በእጃችሁ ያለው 3,500 ብር ነው። ደመወዛችሁ በወሩ መጨረሻ የሚገባ 14,000 ብር ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ "ደመወዝ ስቀበል ቀሪውን 3,500 ብር እከፍላለሁ" ይላል። ግን እስቲ እናስላው። ከ14,000 ብሩ ላይ 7,000 ብር ለሚቀጥለው ወር ኪራይ ይሄዳል። 5,500 ብር ለምግብ፣ ለትራንስፖርትና ለመብራት ይወጣል። የሚተርፈው 1,500 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ ያጠረው 3,500 ብር በአንድ ደመወዝ ሊከፈል አይችልም። በመጀመሪያው ወር 1,500፣ በሁለተኛው 1,500፣ በሦስተኛው 500 ብር እየተከፈለ በሦስት ደመወዝ ያልቃል።

ይህን ሳያሰላ "ወር ሲደርስ ሁሉንም እከፍላለሁ" ያለ ሰው በልቡ ሊዋሽ ባያስብም ውሸት ተናግሯል። ወሩ ሲደርስም ለሁለተኛ ጊዜ ይዋረዳል። በማቴዎስ 18፥26 ላይ በጌታው ፊት የወደቀው ባሪያ ታገሠኝ፣ ሁሉንም እከፍልሃለሁ ሲል ዕዳው ግን እልፍ መክሊት ነበር፤ በዕድሜው ሙሉ ቢሠራ አይከፍለውም። የጨነቀው ሰው ከአቅሙ በላይ ተስፋ ይሰጣል። ጌታችን ንግግራችን አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም እንዲሆን አስተምሮናል (ማቴ. 5፥37)። ስለዚህ ለአከራያችሁ የምትነግሩት ቀን የምትመኙት ቀን ሳይሆን ስሌቱ ያሳያችሁ ቀን ይሁን። ስሌቱ ሦስት ወር ካለ ሦስት ወር በሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኛ አማኞች "ጌታ ያዘጋጃል" ማለት እንወዳለን፤ እውነትም ነው፣ ያዘጋጃል። ነገር ግን ይህ ለነፍሳችን የምንናገረው የእምነት ቃል ነው እንጂ ለአከራይ የሚሰጥ የመክፈያ ቀን አይደለም። አከራያችሁ "መቼ ነው የምትከፍሉኝ?" ሲሉ "ጌታ ያውቃል" ብሎ መመለስ እምነት አይባልም። ያላችሁን ብቻ ቁጠሩ። ጌታ ከዚያ በላይ ከጨመረላችሁ ከቀጠሮው ቀድማችሁ ትከፍላላችሁ፤ አከራያችሁም ደስ ይላቸዋል።

ውላችሁንና ሕጉን እወቁ

ወደ ንግግሩ ከመግባታችሁ በፊት የኪራይ ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። የመክፈያው ቀን ስንት ነው? ዘግይቶ መክፈልን በተመለከተ የተጻፈ ነገር አለ? አስቀድማችሁ የከፈላችሁት ገንዘብ አለ?

በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ማወቅም ይጠቅማል። በዚህ አዋጅ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ተደርጎ በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። በአዲስ አበባ ምዝገባው የሚከናወነው በወረዳ ደረጃ ነው። የውሉ ጊዜ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል አዋጁ ይደነግጋል። የኪራይ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ነው።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ኪራይ በመዘግየቱ ምክንያት አከራይ በድንገት የኪራዩን ዋጋ መጨመር ወይም የስድስት ወር ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም። ሁለተኛው ግን ብዙዎች የሚዘነጉት ነው። የሁለት ዓመቱ ዋስትና ኪራዩን ለሚከፍል ተከራይ የተሰጠ ነው። ኪራዩን በጊዜው ያልከፈለ ተከራይ ሁለት ዓመቱ ሳይሞላ ውሉ ሊቋረጥበት ይችላል፤ ሕጉ የሚታገሠውም ለቀናት እንጂ ለወራት አይደለም። ስለዚህ "ሕጉ ከእኛ ጋር ነው" ብሎ ዝም ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። በሕግ የተሰጠው ጊዜ አጭር ከሆነ፣ ረዘም ያለ ጊዜ የሚገኘው ከአከራዩ በጎ ፈቃድ ነው። ይህ በጎ ፈቃድ ደግሞ የሚገኘው ቀድሞ በመሄድ ነው።

ንግግሩ እንዴት ይሁን?

ከመክፈያው ቀን ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ሂዱ። በበር ላይ ቆማችሁ፣ ሌሎች ተከራዮች እየሰሙ ወይም እርሳቸው ወደ ሥራ ሊወጡ ሲቸኩሉ አታድርጉት። "መቼ ይመቻችኋል?" ብላችሁ ጠይቃችሁ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። በስልክ መልእክት ብቻ መላክ ለእንዲህ ዓይነት ነገር አይበቃም፤ አከራያችሁ ሌላ ከተማ ወይም ውጭ አገር ካሉ ግን ደውላችሁ በድምፅ ተነጋገሩ።

በእጃችሁ ያለውን ገንዘብ ይዛችሁ ሂዱ። ባዶ እጅ የሚለምንና ግማሹን አስቀምጦ የሚለምን አንድ አይደሉም። ንግግሩም አጭር ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

"እትዬ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር። ጥር 5 ኪራይ ይደርሳል። በዚህ ወር ባለቤቴ ታሞ ሆስፒታል ስንመላለስ ገንዘቡ አለቀብን፤ ሙሉውን መክፈል አልቻልንም። 3,500 ብር ዛሬ አስገባልዎታለሁ። የቀረውን 3,500 ብር ጥር 30 ቀን 1,500፣ የካቲት 30 ቀን 1,500፣ መጋቢት 30 ቀን 500 ብር አድርጌ እጨርሳለሁ። የየወሩን ኪራይ ደግሞ በቀኑ እከፍላለሁ። ይህ ለእርስዎ እንዴት ይሆናል?"

በዚህ ንግግር ውስጥ አራት ነገሮች እንዳሉ ልብ በሉ፦ ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ዛሬ የሚከፈለው፣ የቀረው ከነቀኑ፣ እና ለአከራይዋ የተተወ ጥያቄ። የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይምሰላችሁ። ብዙ አከራዮች በጡረታ ያሉ፣ ባል የሞተባቸው ወይም የባንክ ብድር የሚከፍሉ ናቸው። የእናንተ ኪራይ የእርሳቸው የመድኃኒት ወይም የአስቤዛ ብር ሊሆን ይችላል። "እኔም የምኖረው በሱ ነው" ሲሉ እውነታቸውን ነው። አድምጡ። ምናልባት "ሦስት ወር ይበዛብኛል፣ በሁለት ወር ጨርሱልኝ" ይሉ ይሆናል። ወዲያው "እሺ" አትበሉ። "ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ነገ መልስ እሰጥዎታለሁ" ብላችሁ ስሌቱን እንደገና አይታችሁ ተመለሱ።

የማይጠቅሙ ነገሮችም አሉ። ረጅም የችግር ታሪክ መዘርዘር፣ ማልቀስ እንዲያሸንፍ መሞከር፣ "እርስዎ እኮ ሀብታም ነዎት" ማለት፣ ስለ ቤቱ ጉድለት ያን ጊዜ ማንሳት። ጣራው የሚያፈስ ከሆነ የሚነገርበት ጊዜ ኪራይ ያልተከፈለበት ቀን አይደለም።

ሁለት ተጨማሪ ሐሳቦችን ማቅረብ ትችላላችሁ። ኪራይ የምትከፍሉት ለሁለት ወር በአንድ ጊዜ ከሆነና የከበዳችሁ እርሱ ከሆነ በየወሩ ለመክፈል ጠይቁ። የመክፈያው ቀን ወር በገባ በ20 ሆኖ ደመወዛችሁ የሚገባው በ30 ከሆነ ደግሞ ችግሩ በየወሩ ይመለሳል፤ ቀኑ እንዲዛወር ጠይቁ። የእጅ ሙያ ካላችሁም፣ ቀለም መቀባት፣ የቧንቧ ጥገና፣ ልጆች ማስጠናት፣ ልብስ ስፌት፣ በሥራ ለማካካስ ማቅረብ ነውር አይደለም፤ ዋጋው ግን ሥራው ሳይጀመር ይነገር።

የተስማማችሁበትን ጻፉት

ቃል ይረሳል። ከክፋት ሳይሆን ሰው የሚፈልገውን ስለሚያስታውስ ነው። ስለዚህ የተስማማችሁበትን በአንድ ገጽ ወረቀት ጻፉ፦ የየትኛው ወር ኪራይ እንደሆነ፣ ዛሬ ስንት እንደተከፈለ፣ የቀረው ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን ስንት እንደሚከፈል። ሁለታችሁም ፈርማችሁ አንድ አንድ ቅጂ ያዙ። አከራያችሁ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ የሚያምኑት ሰው ያንብብላቸው።

ገንዘቡን በባንክ ወይም በቴሌብር አስገቡና ደረሰኙን አስቀምጡ። ከተቻለ በምክንያቱ ቦታ ላይ የየትኛው ወር እንደሆነ ጻፉ። የመብራትና የውኃ ድርሻችሁን ከኪራዩ ለይታችሁ በጊዜው ክፈሉ። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ የእናንተ መዘግየት የሌላውን ተከራይ መብራት ያስቆርጣል፤ ያን ጊዜ ግቢው ሁሉ ይነሳባችኋል።

ከቀጠሮዎቹ አንዱን ማክበር እንደማትችሉ ካወቃችሁ እንደ መጀመሪያው ጊዜ ቀድማችሁ ተናገሩ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ትንሽም ብትሆን በቀኗ መክፈል ነው። በቀጠሮው ቀን የገባች 500 ብር ከቀጠሮ ካለፈ 1,500 ብር ይልቅ አከራያችሁን ታሳርፋለች።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

የነቢያት ልጆች ከሆኑት የአንዱ መበለት አበዳሪ ልጆቿን ሊወስድባት በመጣ ጊዜ ወደ ኤልሳዕ ጮኸች። ነቢዩ የጠየቃት በቤትሽ ምን አለሽ ብሎ ነበር። የነበራት የዘይት ማሰሮ ብቻ ነበር። ጌታ ዘይቱን ካበዛ በኋላም ነቢዩ ያዘዛት መጀመሪያ ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በተረፈውም ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነው (2ኛ ነገ. 4፥1-7)። ተአምሩ በዕዳ ክፍያ ተጠናቀቀ።

እናንተም ከቤታችሁ ጀምሩ። የማትጠቀሙበት ዕቃ አለ? ከመሥሪያ ቤታችሁ የደመወዝ ቅድሚያ መጠየቅ ይቻላል? እቁብ ካላችሁ ዕጣ የደረሰው ሰው ተራውን እንዲለውጣችሁ ዳኛውን አነጋግሩ። ከአራጣ አበዳሪ ግን ራቁ። የ3,500 ብር ጉድለት በአራጣ ሲሸፈን ከጥቂት ወራት በኋላ የሚመለሰው ሌላ ትልቅ ዕዳ ሆኖ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችሁንስ? ብዙዎች ለቤት ለቤት የጸሎት ኅብረታቸው "ጸልዩልኝ" ይላሉ፣ ለምን እንደሆነ ግን አይናገሩም። ቃሉ አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ያዛል (ገላ. 6፥2)፤ ያላዩትን ሸክም ግን ማንም ሊሸከም አይችልም። ለሽማግሌ ወይም ለዲያቆን በግል ተናገሩ፤ ስሌቱን የጻፋችሁበትን ወረቀትም አሳዩ። ቤተ ክርስቲያን የምትረዳ ከሆነ ገንዘቡ በቀጥታ ለአከራዩ ቢገባ ለሁሉም መልካም ነው። በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 5 ላይ እያንዳንዱ የራሱን ሸክም ይሸከማል ተብሎ መጻፉንም አትርሱ፤ እርዳታው መሻገሪያ እንጂ የየወሩ መኖሪያ አይደለም። ለሽማግሌዎችም አንድ ቃል እንጨምር። የሚበላ የሌለውን ወንድም በደኅና ሂድ ብሎ መሸኘት ምን ይጠቅማል ብሎ ያዕቆብ ጠይቋል (ያዕ. 2፥15-16)። ዕቃው ደጅ ሊወጣ ያለውን ቤተሰብ እጅ ጭኖ ጸልዮ ብቻ መሸኘትም ያው ነው።

ብዙዎች በልባቸው የሚይዙት ሌላ ጥያቄ አለ፦ "አሥራቴንስ?" በዚህ ላይ አብያተ ክርስቲያናት የተለያየ ትምህርት አላቸው፤ ከመጋቢያችሁ ጋር ተነጋገሩበት። ሁላችንንም የሚያስማማ አንድ ነገር ግን አለ። ጌታችን ለወላጆች የሚገባውን ገንዘብ ቁርባን ነው ብለው የሚከለክሉትን ሰዎች ገሥጿቸዋል (ማር. 7፥10-13)። የአከራያችሁ ገንዘብ የእናንተ አይደለም። ኪራይ ያልከፈለ ሰው በኮንፈረንስ ላይ በስሜት ተነሥቶ ትልቅ የእምነት ስጦታ ቃል ቢገባ የሰጠው የሌላውን ሰው ገንዘብ ነው። መጋቢዎችም እንዲህ ዓይነቱን ምእመን "ስጥና ኪራይህ ይከፈላል" ብለው እንዳያስቱት ይጠንቀቁ። ለማንም ዕዳ እንዳይኖርብንና ለሁሉም የሚገባውን እንድንሰጥ ያዘዘው ያው የእግዚአብሔር ቃል ነው (ሮሜ 13፥7-8)።

አከራዩ ባይስማሙስ?

ሁሉንም በትክክል አድርጋችሁ "አይሆንም፣ ልቀቁልኝ" ሊሏችሁ ይችላሉ። መብታቸው ነው፤ አትሳደቡ፣ አትርገሙም። በመጀመሪያ በሁለታችሁ ዘንድ የተከበረ ሽማግሌ ፈልጉ። በአገራችን ባህል አንድ ሽማግሌ ገብቶ "እስቲ አንድ ወር ጨምሩላቸው" ሲል የሚሰማበት ጊዜ ብዙ ነው። ሽማግሌው የግድ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው መሆን የለበትም፤ አከራያችሁ የሚያከብሩት የእድር ዳኛ ይበልጥ ሊሰማ ይችላል።

አከራዩ በራሳቸው እጅ ዕቃ ወደ ደጅ ቢያወጡ ወይም በሩን ቢቆልፉ ግን ጠብ አትፍጠሩ፤ ውላችሁንና ደረሰኞቻችሁን ይዛችሁ ወደ ወረዳው ሂዱ። እንዲህ ያለ ክርክር የሚፈታው በሕግ አካል እንጂ በጉልበት አይደለም። ወረቀቶቻችሁን ያስቀመጣችሁት ለዚህ ቀን ነው።

ስሌታችሁ ግን ቤቱ ከአቅማችሁ በላይ መሆኑን ካሳያችሁ ዝቅ ወዳለ ቤት መውጣት የእምነት ማነስ አይደለም። ራቅ ወዳለ ሰፈር፣ ወደ አንዲት ክፍል መግባት በየወሩ ከመሸሽ ይሻላል። ስትወጡም በቀን ውጡ። በሌሊት ዕቃ ጭኖ መጥፋት ሌብነት ነው፤ ተበድሮ የማይከፍል ኃጢአተኛ ነው ይላልና (መዝ. 37፥21)። ቤቱን ጠርጋችሁ፣ ቁልፉን በእጃቸው ሰጥታችሁ፣ የቀረውን ዕዳ በወረቀት ፈርማችሁ ውጡ። ከሄዳችሁ በኋላም በየወሩ ትንሽ ትንሽ አስገቡ። ከቤቱ ከወጣ በኋላ ዕዳውን የሚከፍል ተከራይ ያላዩ አከራዮች ብዙ ናቸው፤ ይህን ሲያዩ አምላካችሁ ማን እንደሆነ ይጠይቃሉ።

አከራዩ አማኝ ከሆነስ?

አከራያችሁ በጌታ ወንድም ወይም እህት ከሆኑ ፈተናው ይለያል። "ወንድሜ ነው፣ ይታገሠኛል" ብለን ኪራዩን ከሁሉ ኋላ እናደርጋለን። ጳውሎስ ግን የሚያምኑ ጌቶች ያሏቸው አገልጋዮች ጌቶቻቸው ወንድሞች ስለሆኑ እንዳይንቋቸው፣ ይልቁንም አብልጠው እንዲያገለግሉ ጽፏል (1ኛ ጢሞ. 6፥2)። ስለዚህ ለአማኝ አከራይ ከሁሉ አስቀድማችሁ ክፈሉ። አለመስማማት ከመጣም የወንድማማቾች ክርክር በመካከላችን ባለ ጠቢብ ሰው እንዲዳኝ ቃሉ ያስተምራል (1ኛ ቆሮ. 6፥1-7)።

ይህን የምታነቡ አከራዮችም ካላችሁ ለእናንተም ቃል አለ። በሙሴ ሕግ አበዳሪ መያዣ ሊወስድ ሲሄድ ወደ ድሀው ቤት ዘው ብሎ እንዳይገባ፣ በደጅ ቆሞ እንዲጠብቅ፣ የድሀውንም ልብስ ፀሐይ ሳይጠልቅ እንዲመልስለት ታዟል (ዘዳ. 24፥10-13)። ዕዳው ዕዳ ነው፤ ድሀውም ክብር ያለው ሰው ነው። ተከራያችሁ ግማሹን ይዞ፣ ቀን ቆርጦ በፊታችሁ ሲቀመጥ ምን ያህል ፈርቶ እንደመጣ አስቡ። መታገሥ ባትችሉ እንኳ በልጆቹ ፊት አታዋርዱት።

የተወደዳችሁ ሆይ፣ ምናልባት ይህን የምታነቡት ኪራዩ ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀርቶት፣ ወይም ጭራሽ አልፎት ይሆናል። ካለፈም አልመሸም። ዛሬ ማታ ጸልያችሁ ወረቀት አውጡና አስሉ። ነገ በራቸውን አንኳኩ። "ዘግይቻለሁ፣ መምጣት የነበረብኝ ቀደም ብዬ ነበር" በሉና በእጃችሁ ያለውን አስቀምጡ፤ የቀረውን ከነቀኑ ንገሯቸው። ልባችሁ ይመታ ይሆናል። ቢሆንም በእውነት የሚሄዱትን ጌታ ብቻቸውን አይተዋቸውም። የሁለት ዓመት ተከራይ ለነበረው ለሐዋርያው የሚያስፈልገውን ሁሉ የሞላ አምላክ ለእናንተም ይሙላላችሁ።

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።